ጤና አዳሜን አደራ

ደሴ ውስጥ በጥም የሞተ የቤት አበባ አይቼ አላውቅም። የሚገድላቸው ጎረቤት ነው። ያውም በደግነት።

ጥር ሲገባ የሰው እግር ይቀልላል። ሠርጉም ጥምቀቱም በጥር ነው። የአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ "ዘንድሮ ከቀራችሁ እንቀያየማለን" ይላል። ዳቦ ቆሎው ይቋጠራል፣ ቅቤው ይታሸጋል፣ የሻንጣው ዚፕ አልዘጋ ይላል። በረንዳ ላይ የተደረደሩት ግን ትኬት የላቸውም። በኒዶ ቆርቆሮ ያለው በሶብላ፣ አፉ በቢላ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ያለው ጤና አዳም፣ ከንፈሩ በተሸረፈ እንስራ የተተከለችው ጽጌረዳ፣ ጥግ ላይ ማንንም ሳያስቸግር የተቀመጠው እሬት። ክረምት ቢሆን ጦሳ ተራራ ላይ የሚያንዣብበው ደመና ይበቃቸው ነበር። በጥር ግን ፀሐዩም ንፋሱም ደረቅ ነው።

ስለዚህ አደራ ይሰጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለግራዋ ጎረቤት ከነገርክ የቀኟ ታኮርፋለች። ኩርፊያዋንም ፊት ለፊት አትናገርም። ቡና ላይ ሲኒዋን ቀስ አድርጋ ታስቀምጥና ጀበናውን እያየች "እኛማ ምን ሰው ነን" ትላለች። ይህንን የፈራ ሰው ለመንደሩ ሁሉ "እስቲ ዐይናችሁን ጣል አድርጉባቸው" ብሎ ይሄዳል። መንደሩም በአንድ ድምፅ "አብሽር!" ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቡት። የግራዋ ውሃ የሚመጣበትን ፈረቃ ጠብቃ በማለዳ ታጠጣለች። የቀኟ ረፋድ ላይ በጆግ ትደግማለች፤ "ብቸኝነታቸው አንጀቴን በላው" ትላለች። አያ ሸህ ከውዱእ የተረፈውን ውሃ ያፈሱበታል፤ ውሃ ማጠጣት ሶደቃ ነው። የማዶዋ እማማ ከቅዳሴ መልስ ለነፍሳቸው ብለው ያጠጣሉ። በሃይማኖት ጉዳይ ወሎ እንዴት ተቻችሎ እንደሚኖር ማየት የፈለገ የእኔ ጀሪካን ውስጥ ጣቱን ይንከር።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ የቡና አተላ አለ። "ማዳበሪያ ነው" ይባላል። ይሁን፣ ነውም እንበል። ግን እኛ ዘንድ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሞልቷል። ጨው ለአቦሉ ጣዕም ይሰጠው ይሆናል እንጂ ሥሩን አይምርም።

ሥር እኮ ይተነፍሳል። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ አየሩ ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ጀሪካኑ ደግሞ ታቹ ካልተበሳ ውሃው መሄጃ የለውም። ክፋቱ፣ ውሃ የበዛበት ተክልም ልክ እንደተጠማው ቅጠሉን ይጥላል። ሥሩ ከበሰበሰ በምን ይጠጣ? ያየው ሁሉ ግን "ውይ፣ ጠማት!" ብሎ ሌላ ጆግ ይጨምራል። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከትቶ ማየት ይበቃ ነበር። እርጥብ ከሆነ መተው። እሬቱማ ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቀመ ሀብታም ነው፤ ሳምንታት ቢረሱት ቅር አይለውም። እሱንም አይረሱትም።

ሠርግ ቤት፣ እስክስታው ሲደራ፣ ስልክ ይጮኻል። የማዶዋ እማማ ናቸው።

"ልጄ፣ ይቺ ጽጌረዳህ አንገቷን ደፋች።"

"እማማ፣ ይበቃታል፣ እባክዎ ውሃ አይስጧት።"

"ምን?"

"ውሃ አይስጧት!"

"ውይ ልጄ! አዲስ አበባ እንዲህ ያስጨክናል?"

ስልኩ ተዘጋ። ጽጌረዳዋ እንደገና እንደጠጣች ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ዘመናዊ ዘዴም ሞክረናል። ባልዲ ውሃ ሞልቶ ከፍ ያለ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ የጥጥ ክር አንዱን ጫፍ ባልዲው ውስጥ መንከር፣ ሌላውን አፈሩ ውስጥ መቅበር። ክሩ ውሃውን እየሳበ በጥቂት በጥቂቱ ያደርሳል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። የማይሠራው ፈረቃ ባለበት ሰፈር ነው። ሙሉ ባልዲ ውሃ በረንዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የትኛው አንጀት ይችላል? ክሩ ተጠቅልሎ መስኮቱ ላይ በክብር ተቀመጠ፣ በውሃው ጋቢ ታጠበበት። ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን በስቶ አፈር ውስጥ የመገልበጥ ዘዴውም አልዘለቀም፤ ባዶ ሃይላንድ እዚህ አገር ሥራ አያጣም።

አደራ ጠባቂ ደግሞ ደመወዝ አለው። ጤና አዳም ደጅ ላይ እያለ ቡና ያለ ጤና አዳም አይቀርብም። እያንዳንዱ ቤት "አንዲት ቅንጣቢ ብቻ" ይቀጥፋል። በቀን ሦስት ቤት ቡና ከተፈላ ሦስት ቅንጣቢ ነው፤ ቶናና በረካ ላይ የሚጨምርም አይጠፋም። ስንመለስ የጠበቀን አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ነበር። እንኳን ደህና መጣችሁ የተባልንበት ቡና ግን ሽታው ሰፈሩን አወደው። ሲኒዬ ላይ የምትንሳፈፈውን ቅጠል ገና ሳያት አወቅኋት። "ጠጣ እንጂ፣ ይጣፍጣል" ይላሉ። እውነትም ይጣፍጣል።

ማንን ትከሳለህ? ሁሉም ደክመዋል። የቀኟ ጎረቤት በፈረቃ ያገኘችውን ውሃ ከራሷ ቤት ቀንሳ ነው ያመጣችው። ምስጋናውን አቅርበን፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ለየቤቱ አካፍለን፣ ጉዳዩ ተዘጋ አልን።

አልተዘጋም። ብድር በምድር ነው። የቀኟ ጎረቤት ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ መስጊድ ልትሄድ ተነሣች። በማለዳ በር አንኳኩታ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ከነአውራቸው በረንዳዬ ላይ አሳረፈች። "ዐይንህን ጣል አድርግባቸው፣ ምንም አያስቸግሩም" አለችኝና ገመዳቸውን ፈታች።

ዶሮ መጫር የሚወደው ለስላሳ፣ እርጥብ አፈር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከእኔ ጣሳዎች የበለጠ እርጥብ አፈር በሰፈሩ አልነበረም።