አንድ ጉርሻ ያጣላል

እሁድ ጠዋት ቦቢን ይዤ ከግቢ ወጣሁ። ገና ሱቁ ጋ ሳንደርስ አንዲት ጎረቤታችን አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ! ምነው ይሄን ውሻ እንዲህ አመነመንከው? ጾም አስያዝከው እንዴ?» ሱቁ በረንዳ ላይ ከተቀመጡት አንዱ «የሰው ነገር! በውሻም ይቆጥባል» አለ፣ እንድሰማው አድርጎ። እትዬ ከያዙት ፌስታል ድፎ ዳቦ ቆረስ አድርገው ወረወሩለት። ቦቢ ሳያኝክ ዋጠው። «አየህ? እግዜር ያየዋል!» ብለውኝ ሄዱ።

አምስት ወር የለፋሁበት ውሻ ነው።

ዛሬ ግን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የየሰፈሩ ውሻ አጉራሾች፣ ምስጋና ይድረሳችሁ። እናንተ ባትኖሩ የከተማችን ውሾች ወገብ ይኖራቸው ነበር። ሰውን «አማረብህ፣ ወፈርክ» ብሎ የሚያወድስ ሕዝብ ውሻውን ሊያከሳ ነው እንዴ? እንግዳ ሲመጣ «ይሄስ ደልቶታል!» ሲባል፣ ባለቤቱ ልጁ ማትሪክ ያለፈለት ያህል ደረቱን ይነፋል። የውሻው የጎድን አጥንት ተዳብሶ ከጠፋ ጓዳው ሙሉ ነው ማለት ነው።

ከሁሉም የማደንቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። በየሰፈሩ አንድ አንድ ስላሉ እናንተው ሙሉበት። ጋሼ ጠዋት ፍርፍር ሲቀርብላቸው ራሳቸው ሳይቀምሱ ለውሻቸው ያጎርሳሉ። አንድ ጉርሻ ስለሚያጣላ ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ሦስተኛው የሥላሴ ነው። አራተኛው ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «እያየኝ በምን አንጀቴ ልዋጠው?» አሉኝ። እሳቸው ሥራ ሲሄዱ ባለቤታቸው ይነሳሉ። ጋሼ ሲያጎርሱ አላዩማ! ውሻው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳላየ ሆኖ መተወን ያውቅበታል። እሳቸውም ያጎርሳሉ። አራት ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። አቦል ላይ ዳቦ፣ ቶና ላይ ዳቦ፣ በረካ ላይ ፈንዲሻ። ቡናውን አይጠጣም እንጂ ሦስቱም ላይ ይገኛል። ምሳ አለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ከምሳ ዕቃቸው የተረፈ ብስኩት አለ። ማታ ዘበኛው ዳቦውን ያካፍለዋል፤ ሌሊት አብረው ስለሚያድሩ የሥራ ባልደረባው ነው። ከእራት በኋላ የተረፈው ወጥ እንጀራ ላይ ይገለበጥለታል። ሊተኙ ሲሉ ጋሼ ቤቱን ይጠይቃሉ፤ «ውሻው በልቷል?» ሁሉም ዝም። ዝም ከተባለ አልበላም ማለት ነው። ተነስተው ይሰጡታል።

አንድ ቀን ደፈርኩና አማከርኳቸው። ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፣ የሰጠ ሁሉ ይጻፍበት። የቀን ምግቡ በአንድ ኩባያ ይለካ። ጉርሻና ብስኩቱ ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛ አይለፍ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለውሻ ይሰፈራል እንዴ? እኛ ቤት እስከ ዛሬ ለሰው አልተሰፈረም!»

በሳይንስ ልርታቸው ብዬ የ48ቱን ላብራዶሮች ነገር አመጣሁ። በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት ነው። ቡችሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ለአንደኛው ከጥንዱ በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየሰጡ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ትንሽ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ። ጋሼ በጥሞና ሰምተውኝ «እነዚያ የፈረንጅ ውሾች ናቸው» አሉ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የጋሼ ውሻ ግን የበር ደወል ሲደወል አንድ ዐይኑን ገለጥ አድርጎ ይከድነዋል። በበላበት መጮህ ቀርቶ መተንፈስም ሥራ ሆኖበታል።

የወጡንም ነገር ላድንቅ። ወጣችን ያለ ቁሌት አይሆንም፣ ቁሌት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፤ ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጮማ ይጨመራል። እኛ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ስንናደድ ነው። የውሻ ቆሽት ግን በአንድ የፋሲካ ጮማ እውነትም ሊቆጣ ይችላል። ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን ቆልምሞ ያድራል። ጠዋት «ቡዳ በላው» ይባላል። የሚገርም ቡዳ ነው፤ ሁልጊዜ የሚመጣው ከበዓል ማግስት።

አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ግን ማድነቅ አቃተኝ። ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ነው። ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ክርኑ ሲሚንቶ ላይ ተልጦ ቆስሏል። ሊነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ሆዱ መሬት ይነካል። ሳህኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። «አርጅቶ ነው» አሉኝ። አላረጀም! እናንተ ናችሁ ያስረጃችሁት! ለማብላት ጊዜ ያለው ሰው ሰንሰለቱን ፈትቶ ሩብ ሰዓት ለማናፈስ እንዴት ጊዜ ያጣል? ያ እንስሳ በቀን ውስጥ የሚያየው ደስታ ያ ሳህን ብቻ ነው። እሱኑ እየሞሉለት እየገደሉት፣ «እንወደዋለን» ሲሉኝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በአንድ ሌሊት የሚነቁትንም አልረሳኋቸውም። ሐኪም «ወፍሯል» ሲላቸው ከማግስቱ ጀምሮ ውሻውን አክፍሎት ያስገቡታል። ድመት ያላቸው ደግሞ ይብሳሉ፤ «ሦስት ቀን ብትራብ ምን ትሆናለች?» ይላሉ። ልንገራችሁ። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቋረጠች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፣ ልትሞትም ትችላለች። ውሮ ጾም የላትም።

እኔ ቦቢን ይዤ ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ያዘዘልኝ የደም ምርመራ ነበር። ታይሮይዱ የደከመ ውሻ ብዙ ሳይበላም ይወፍራል። ያ እንደሌለበት ሲታወቅ እጄን ያዘና አሳየኝ። የተዘረጋ እጅህን ጀርባ ዳብስ፤ የጎድን አጥንቱ እንደዚያ ሊሰማህ ይገባል። እንደ መዳፍህ ውስጥ ከለሰለሰ ወፍሯል። እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ከቆረቆረህ ከስቷል። የቦቢ ከመዳፍም አልፎ ትራስ ነበር። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንስ፣ ከዚያ አትቸኩል አለኝ። ለቦቢ ከ140 እስከ 280 ግራም መሆኑ ነው። የእግር ጉዞውም ቀስ ተብሎ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

ቤት ሚዛን የለኝም። አስፋልቱ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ብቻዬን ወጣሁ፤ 71። ቦቢን ታቅፌ ወጣሁ፤ 85። ቦቢ 14 ኪሎ ነው ማለት ነው። ልጁ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። «ውሻ እኮ ነው» ብለው «ጋሼ፣ ሚዛኑ አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ ጀምሮ ኩባያዬን ይዤ እየሰፈርኩ፣ ጠዋት ማታ እያንሸራሸርኩ ቆየሁ። ከቡናው ዳቦ ግማሹ የእሱ ነበር፤ እሱን ከለከልኩት። እህል ደግሞ አይጣልም። ቦታ ፈለግሁለት።

እትዬ የሰደቡኝ ዕለት፣ እሁድ፣ ከጉዟችን ስንመለስ ልጁ ጋ ቆምን። ቦቢን ታቅፌ ወጣሁ። 85። «ጋሼ፣ ምንም አልቀነሰም እኮ» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ቦቢን አወረድኩና ብቻዬን ወጣሁ።

74።

ልጁ አንዴ ቦቢን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ የሁለት ሰው ተቀበለኝ።