መብራት ሲጠፋስ?

ስለ ስማርት ሆም፣ ማለትም በር፣ አምፖልና ሌላውን የቤት ዕቃ በስልክ ወይም በድምፅ ስለማዘዝ፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ስማርት ሆም አካል ጉዳተኛውን ከሰው እጅ ያወጣል» ይላል። እውነት ነው፣ በቤታችን አይቼዋለሁ። ግን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አልተነሳም።

ታላቅ እህቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ እንኖራለን። በሩን በስልኳ ነው የምትከፍተው። አንድ ቀን ማታ መብራት ሄደ፤ ኢንተርኔት የሚሰጠን ራውተርም አብሮ ጠፋ። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን እራት ይዘው መጥተው ያንኳኳሉ፤ እሷ አልጋ ላይ ሆና ትሰማለች፣ መክፈት ግን አልቻለችም። ስደርስ ስታለቅስ አገኘኋት። እኔ ብሆን ተነስቼ እከፍት ነበር። ለእሷ ሌላ መንገድ አልነበራትም።

እባካችሁ፣ ለቤተሰብ የምትገዙ ሰዎች፣ ትእዛዙ ኢንተርኔት ዞሮ የሚመጣ ዕቃ አትግዙ። በዚግቢ (ዕቃዎችን ያለ ገመድ እርስ በርስ በሚያገናኝ ዘዴ) የሚሠሩ አምፖሎች፣ መቆጣጠሪያቸው እዚያው ቤት ውስጥ ሥራውን የሚጨርስ ከሆነ፣ ኔት ቢቋረጥም ይታዘዛሉ። መቆጣጠሪያውም ባትሪ ይኑረው። የበሩ ነገር ግን ይብሳል፦ ኃይል ሲቋረጥ የሚከፈት ቁልፍ አለ፣ ተቆልፎ የሚቀርም አለ። የቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

እኛ አሁን በእጅ የሚከፈት ቁልፍ ጨምረናል። አንዱ መክፈቻ እኚሁ ጎረቤታችን ጋ ነው።