«አቅም የላቸውም» የምትለዋ ሰበብ

ሰሞኑን የአንድ ለጋሽ ድርጅት ኃላፊ በአንድ ውይይት ላይ የተናገረው ነገር በጣም አናዶኛል። የሰፈርና የቀበሌ ማህበራትን ለምን በቀጥታ አትደግፉም ተብሎ ሲጠየቅ «አቅም የላቸውም፣ ሪፖርት እንኳን በአግባቡ አይጽፉም» አለ። ተቃውሞ የተናገረ ሰው አልነበረም!

እስቲ ከሪፖርቱ እንጀምር። የሰፈር እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ወር ሲደርስ ትከፍላለህ፣ ካልከፈልክ ትቀጣለህ፣ ድንኳኑ ብረት ድስቱ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ተቆጥሮ ይወጣል ተቆጥሮ ይገባል፣ አንድ ሳህን ከጎደለ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይጠየቁበታል። ይሄ ነው አቅም የሌለው? ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሰብሳቢ የለም አልልም። ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች ቤት ይሄ ችግር የለም ሊለን ነው እንዴ?

ደሞ የደቡብ ኢትዮጵያዋን የከምባታን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም። የሴቶች መብት ታጋይዋ ቦጋለች ገብሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬኤምጂ የሚባለውን የሴቶች ድርጅት መስርተው አገራቸው ሲገቡ ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ምን መሰላችሁ? ድልድይ! ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ይሄ በፕሮጀክታችን ውስጥ የለም አላሉም፣ ድልድዩ ተሠራ፣ ሰውም ማመን የጀመረው ከዛ በኋላ ነው። ከዛ ሽማግሌው፣ እናቶች፣ ወጣቱ፣ ገራዧ ራሷ ሳትቀር ቁጭ ብለው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት መነጋገር ጀመሩ፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ወር ከወር፣ እየተጨቃጨቁ እየተኳረፉ እየታረቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ «አልተገረዝኩም፣ ከኔ ተማሩ» የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ በአደባባይ ተዳረች፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን ጽፎ ለጥፏል። ልብ በሉ፣ ግርዛትን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣው፣ ሕዝቡ ሕጉን ቀድሞታል! ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጠናው ጥናት ደግሞ ሁሉም ሴት ልጅ ትገረዝበት በነበረ አካባቢ ቁጥሩ ወደ 3 ፐርሰንት ወርዷል። ይሄን ውጤት ከአዲስ አበባ ቢሮ ሆኖ ያመጣ አንድ ፕሮጀክት ይጥራልኝ፣ አይኖርም!

ሲመስለኝ ኃላፊውን የሚያስፈራው የማህበራቱ አቅም ማነስ ሳይሆን ገንዘቡ መንደር ከገባ የሚያዝበት ሰው መቀየሩ ነው። ድልድይ ሲጠይቁ ድልድይ ይሠራል፣ ሥልጠና አንፈልግም ሲሉ ሥልጠናው ይቀራል። ለዚህ ዝግጁ ያልሆነ ለጋሽ ፍትህ እያለ ባያደክመን ጥሩ ነው።

ሪፖርቱን በአማርኛም በከምባትኛም ተቀበሉ፣ አስፈላጊ ከሆነም በቃል። መዝገብ አያያዝ ከጎደለ ለአሥር ማህበር አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቅጠሩላቸው፣ ደመወዙ ከአንድ የሆቴል ወርክሾፕ አበል አይበልጥም።