አየር ብልጭታ አያይም

«የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) የአየር ማስገቢያ መስመር እንደ መስታወት እስኪያበራ ከተወለወለ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል» ብለው ለጻፉት እርማት አለኝ። ሐሳቡ በሰፊው የተለመደ ነው፤ አየር ግን የሚታዘዘው ለቅርጽ እንጂ ለብልጭታ አይደለም።

ዋናው ችግር ያለው የአየሩን መግቢያ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ቫልቭ ራስ ጀርባ ነው። መስመሩ ወደ ቫልቩ መቀመጫ (ቫልቩ ሲዘጋ ወደሚያርፍበት ቀለበት) ሲታጠፍ በአጭሩ ጎን በኩል ያለው ጠርዝ ስል ከሆነ፣ አየሩ ግድግዳውን ለቅቆ ይሽከረከራልና የቀዳዳው ከፊል ስፋት ሥራ ይፈታል። እዚያ ጠርዝ ላይ የሚሰጥ ለስላሳ ክብነት ሙሉውን መስመር ከመወልወል ይበልጣል። መቀመጫውም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ 45 ዲግሪ ከሆነው ማሸጊያ ገጽ በማቃጠያው ክፍል በኩል 30፣ በመስመሩ በኩል 60 ዲግሪ ሲቆረጥለት አየሩ ቀስ እያለ ይታጠፋል።

ነዳጅን ከአየር ጋር በሚቀላቅል ካርቡራተር በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ መወልወሉ ሊጎዳም ይችላል። የነዳጁ ጠብታ በሚያበራው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይንሸራተታል፤ መጠነኛ ሻካራነት ግን መልሶ ወደ አየሩ እንዲበተን ያግዛል።

ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ሲይዝ የተረፈውን ሸንተረር፣ አየሩን ወደ ቴስታታው ከሚያደርሰው ቱቦ (ከማኒፎልዱ) ጋር ሲገጥም የሚፈጠረውንም እርከን ያንሱ፤ በዚህ አልከራከርም። መስመሩን ለማስፋት ግን አይቸኩሉ፤ ከመጠን በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይወርድና ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። መወልወል ካማረዎት በጭስ ማስወጫው በኩል ይሁን፤ እዚያ የሚበተን የነዳጅ ጠብታ የለም፣ ጥላሸትም በቀላሉ አይጣበቅበትም።