ለቀይ ባሕር የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ምን ያደርጋል?

ኢትዮጵያና ሩሲያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝና በይፋት ከተሞች የባሕር በር ጉዳይ ሲነሣ አንድ አዲስ ሐሳብ አብሮ ይነሣል። «ኑክሌሩን ካገኘነው ነገ በኑክሌር የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ ይኖረናል፤ ያን ጊዜ ማን ይደፍረናል?» የሚል ነው። ምኞቱን አልነቅፍም። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚኖር ሕዝብ ስለ ባሕር ማሰቡም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ተቀምጠው ዓይናቸው ከታጁራ ወደብ በሚመጣው የጠመንጃ መንገድ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ ልዑካንም መድፍና ጠመንጃ ይዘው የመጡላቸው በዚያው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ኑክሌርን ከናፍጣ ለማማረጥ በቅድሚያ የሚታየው ርቀት ነው፤ በዚህ ሚዛን ደግሞ ለቀይ ባሕር የሚስማማው በናፍጣና በባትሪ የሚሠራው መርከብ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኑክሌሩን ብልጫ ማሳነስ አይገባም። ሪአክተሩ፣ ማለትም የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት ክፍል፣ አየር ስለማይፈልግ መርከቡ ብቅ ሳይል ለወራት ከውኃ በታች ይቆያል፤ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ ወደ ወደብ የሚመልሰው ከነዳጁ ይልቅ የሠራተኞቹ ስንቅ ማለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ብሪታኒያ ከአገሯ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከአርጀንቲና ጋር ስትዋጋ ይህ ጥቅም በግልጽ ታየ። ኮንከረር የተባለው የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቧ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለውን የጦር መርከብ አሰጠመ፤ 323 የአርጀንቲና መርከበኞች አለቁ፤ ከዚያ በኋላም የአርጀንቲና ዋና ዋና የጦር መርከቦች ከጠረፋቸው ርቀው አልወጡም።

በዚያው ጦርነት ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ሰርጓጅ መርከብ ነበር። አርጀንቲና ሳን ሉዊስ የተባለ፣ በናፍጣና በባትሪ የሚሠራ ጀርመን ሠራሽ መርከብ አሰማርታ ነበር። ቶርፒዶ የሚባለውን በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ የሚያስተኩሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ፣ ሠራተኞቹም ልምድ ያነሳቸው ነበሩ፤ የተኮሳቸው ቶርፒዶዎችም አንድ የብሪታኒያ የጦር መርከብ አላሰጠሙም። እንዲያም ሆኖ ብሪታኒያን የሚያህል የባሕር ኃይል እርሱን ፍለጋ ብዙ ጥይትና ብዙ የሄሊኮፕተር በረራ አባክኖ ሳያገኘው ቀረ፤ ሳን ሉዊስም በሰላም ወደ ወደቡ ተመለሰ። ጎትላንድ የተባለው በኑክሌር የማይሠራ የስዊድን ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከነሠራተኞቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተከራይቶ በነበረበት ጊዜ፣ በልምምድ ላይ ሮናልድ ሬገን የተባለውን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጠባቂዎች ሳይታይ አልፎ እንደተጠጋ በሰፊው ተዘግቧል።

ምስጢሩ ጸጥታው ነው። መርከቡ ከውኃ በታች በባትሪ ሲሄድ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ሲሆን፣ በኑክሌሩ ውስጥ ግን የማቀዝቀዣ ፓምፖችና በእንፋሎት የሚዞሩ ተርባይኖች አሉ፤ ሪአክተሩም ከጠፋ በኋላ እንኳ ሙቀቱ ወዲያው ስለማይበርድ ማቀዝቀዙ አይቋረጥም። ታላላቆቹ አገሮች ይህን ድምፅ ለማፈን ብዙ ደክመው ብዙ ተሳክቶላቸዋል፤ ዋጋውን ግን እነርሱ ነው የሚያውቁት።

ናፍጣውም ጣጣ አለው። በዝግታ፣ ማለትም በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ባትሪው ለቀናት ያቆየዋል፤ በሙሉ ፍጥነት ከሮጠ ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቅበታል። ያን ጊዜ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ ስኖርክል የሚባለውን የአየር መሳቢያ ቧንቧ ከውኃው በላይ ብቅ በማድረግ የናፍጣ ሞተሩን አስነሥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ከባድ ባትሪዎች መሙላት አለበት። ማዕበል የቧንቧውን አፍ ሲመታው መዝጊያው ይደፈናል፤ ሞተሩም አየሩን ከመርከቡ ውስጥ መሳብ ይጀምርና የሠራተኞቹ ጆሮ ይደፈናል። በዚህ ሰዓት መርከቡ ይሰማል፤ ቧንቧውም በራዳር ሊታይ ይችላል። አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሳን ሁዋን የተባለው የአርጀንቲና ሰርጓጅ መርከብ ከነ44 ሠራተኞቹ ከመጥፋቱ በፊት ያስተላለፈው መልእክት፣ በአየር መሳቢያው የገባ ውኃ ባትሪዎቹን እንዳቃጠለ የሚገልጽ ነበር። ከዓመት በኋላ ስብርባሪው 900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ። ስዊድንና ጀርመን የሠሯቸው ያለ አየር ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ተጨማሪ መሣሪያዎች ይህን ተጋላጭነት ቀንሰውታል፤ መርከቡ በዝግታ ከሄደ ብቅ ሳይል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ መቆየት ይችላል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ወደ ቀይ ባሕር እናምጣቸው። ባሕሩ ርዝመቱ 2,250 ኪሎ ሜትር፣ በሰፊው ቦታ ስፋቱ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደቡብ ጫፍ ያለው ባብ ኤል መንደብ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር የሚያዘግም መርከብ ባሕሩን ከጫፍ ጫፍ ለማቋረጥ ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም። ውቅያኖስ ለማቋረጥ የተሠራ ፍጥነት እዚህ ሥራ ያጣል። በደቡብ በኩል የጠረፉ ውኃ ጥልቀት የሌለው፣ ኮራልና ደሴት የበዛበት በመሆኑም 115 ሜትር የሚረዝም የአሜሪካ ቨርጂኒያ ዓይነት የኑክሌር መርከብ ከሚንቀሳቀስበት ይልቅ 60 ሜትር ገደማ የሆነው የጀርመን ሠራሽ መርከብ በተሻለ ይሹለከለክበታል። የጣርማ በርን ተራራማ መተላለፊያ የያዘ አርበኛ ፈጣን ፈረስ አላስፈለገውም፤ ጠላት ራሱ እግሩ ሥር ይመጣለት ነበር። በቀይ ባሕር ላይ ጠረፍ ኖሯቸው ሰርጓጅ መርከብ የታጠቁት ግብፅና እስራኤል ሁለቱም በኑክሌር የማይሠሩ ጀርመን ሠራሽ መርከቦችን መምረጣቸው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 ድረስ አራት ተረክባለች።

የኃይል ማመንጫው ወደ ኑክሌር መርከብ ያደርሰናል የሚለው ደግሞ ጨርሶ የተሳሳተ ነው። በየብስ ላይ የሚተከል ሪአክተርና በጠባብ ብረት ውስጥ እየተናወጠ የሚሠራ ሪአክተር የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እስካሁን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ያላቸው አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይናና ሕንድ ሲሆኑ፣ ስድስቱም የኑክሌር ቦምብ ባለቤቶች ናቸው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስትደክም፣ የኃይል ማመንጫም እያላት፣ እስካሁን አንድ መርከብ ባሕር ላይ አላወረደችም። አውስትራሊያ ከፈረንሳይ የተዋዋለቻቸውን 12 የናፍጣ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ2021 ሰርዛ ወደ ኑክሌር ስትዞር፣ መንግሥቷ ወጪው እስከ 2050ዎቹ አጋማሽ ከ268 እስከ 368 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። እርሷ ግን ከጠረፏ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ለመጠበቅ ነው የምታስበው፤ ምክንያቷ ከእኛ ጋር አይገናኝም። የመጨረሻውን ወጪ ደግሞ ማንም አያነሣውም፦ ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ጡረታ ያወጣቻቸው ከ20 በላይ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች በአብዛኛው እስከ ዛሬ ወደብ ላይ ታስረው መፈታታትን ይጠባበቃሉ።

የናፍጣውን ስመርጥ ነገ ይገዛ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የቀድሞው ባሕር ኃይላችን በምጽዋ በነበረበት ዘመን ሁሉ ሰርጓጅ መርከብ አልነበረውም፤ የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ሄደው ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። አሁን እንደገና የተቋቋመው ባሕር ኃይል ወደብ የለውም፤ ወደቡም በስምምነት እንጂ በሰርጓጅ መርከብ የሚገኝ አይደለም። ቢገኝ እንኳ አንድ መርከብ ሁልጊዜ ባሕር ላይ እንዲኖር ሦስት ያህል መግዛት ግድ ነው፤ አንዱ ሲሰማራ ሌላው በጥገና፣ ሦስተኛው በሥልጠና ላይ ይሆናልና። የባትሪ መለወጫ ወርክሾፕ፣ መርከቡን ከውኃ አውጥቶ መጠገኛ ቦታ፣ የቶርፒዶ ማከማቻና የነፍስ አድን መርከብ ይከተላሉ። አዛዥ የሚሆን መኮንን ለማፍራት ደግሞ ከአሥር ዓመት የማያንስ የባሕር አገልግሎት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጠረፍ ጠባቂ ጀልባዎችና ከራዳር ተጀምሮ፣ ወጣት መኮንኖችን ሰርጓጅ መርከብ ወዳላቸው አገሮች ልኮ በማሠልጠን ቢቀጠል፣ ስለ መርከቡ ዓይነት መከራከሩ ያን ጊዜ ይደርሳል።