እርማት፦ ጆሮው ሥር መተኮስ ቡችላን አያለማምድም

ወንድም፣ «የቆቅ አዳኝ ውሻ ጥይት እንዳይፈራ በቡችላነቱ ጆሮው ሥር ተኩስለት» ያልከው ስህተት ነው። ተኩስ ፈሪ ውሻ በአብዛኛው የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ወፍ ይውደድ። የቆቅ ክንፍ (የዶሮም ይሆናል) በሲባጎ አስረህ አሯሩጠው። በሩጫው መሀል ሌላ ሰው 100 ሜትር ርቆ ብረት ድስት በማንኪያ አንዴ ይምታ። ቡችላው ቀና ብሎ አይቶ ወደ ክንፉ ከተመለሰ፣ ድስት የሚመታው ሰው በየጥቂት ቀኑ 10 ሜትር ያህል ይቅረብ። ጭራውን ከወሸቀ ወይም እግርህ ሥር ከተሸጎጠ አትቆጣው፣ በግድም አትያዘው፤ ርቀቱን እጥፍ አድርግ። ጠመንጃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም እንደገና ከሩቅ ተጀምሮ።

በጅማ ክረምት ነጎድጓድ በሚበዛበት ከሰዓት ግን ልምምዱን ተወው፤ በሰማዩ የደነገጠ ቡችላ ያን ቀን ድስቱንም አይችለውም።