ዞሮ ዞሮ ከመኪናው

«እሑድ የእግር ጉዞ እንሂድ?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። እንግሊዛዊት ናት።

«ወዴት?»

«ከክራስተር እንነሳለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዞረን ክራስተር እንመለሳለን።»

ዝም አልኩ። ሰው 8 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ኳትኖ መኪናው ጋ የሚመለስ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ከመኪናው ምን አስወረደው? ይህን ብጠይቅ ግን ሰነፍ መባሌ ነው። «ደስ ይለኛል» አልኳት። ኒውካስል ስኖር በደንብ የለመድኩት እንግሊዝኛ ይህ ነው፤ ደስ ሳይልህ ደስ ይለኛል ማለት።

ክራስተር በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ የባሕር ዳርቻ ያለች ሚጢጢ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ኪፐር በሚባል ዓሣ ትታወቃለች። ሄሪንግ ተሰንጥቆ፣ ጨው ገብቶበት፣ በኦክ እንጨት ጭስ ሲታጠን ኪፐር ይሆናል። ሽታው ገና ከመኪና ሳትወርድ ይቀበልሃል።

የመኪና ማቆሚያው ድሮ የድንጋይ ካባ ነበር። አሁን ሕዝቡ ጫማ የሚቀይርበት አደባባይ ሆኗል። ሁሉም የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ያስራል። ምርኩዝ በሁለት እጅ፣ ፔርሙዝ በጀርባ። ኤቨረስት የሚወጡ ነው የሚመስሉት። የሚሄዱት ግን በግ በሚግጥበት ለጥ ያለ ሣር ላይ ነው። ባልደረባዬ በላስቲክ የተለበጠ ካርታ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የምንሄድበት የደንስተንበርግ ግንብ ደግሞ ከመንደሩ ዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባሕሩን በቀኝ ይዞ ቀጥ ማለት ነው። ለመጥፋት ራሱ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

ገና ከመንደሩ ሳንርቅ አንድ ባለ ውሻ ሰውዬ «ሞርኒንግ!» አለኝ። ማንን እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ በግ ብቻ ነው ያለው። ቀጥለው ባልና ሚስት መጡ። «ደስ የሚል ቀን ነው!» ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

እኔ በምኖርበት ሕንፃ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤቴ በ3 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር እናነባለን። ከአንድ እስከ ስድስት ያለው ቁጥር በየቀኑ የሚለዋወጥ ይመስል፣ በተመስጦ። እዚህ ግን ግንቡ እስክንደርስ 37 ሰው ሰላም ብሎኛል። ቆጥሬያለሁ። ውሾቹን ሳልጨምር ነው። የአንዱን ውሻ ስም፣ ዕድሜና የጉልበት ሕመም በዝርዝር ሰምቼ ተለያየን። የባለቤቱን ስም እስካሁን አላውቅም።

ከሰላምታው የባሰው የበሩ ነገር ነው። በጎቹ እንዳይወጡ በየአጥሩ በር አለ። ባልደረባዬ አንዱን ከፍታ ካለፍን በኋላ አልዘጋ አለች። «ሰው እየመጣ ነው» አለችኝ። አየሁ። ሰውዬው መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ሰባውን የዘለሉ ሽማግሌ። በሩ እንደተያዘላቸው ሲያዩ፣ እኛን ላለማስጠበቅ መሮጥ ጀመሩ። አንድ ምርኩዛቸው ወደቀ። ተመልሰው አነሱት። እንደገና ሮጡ። ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደርሰው «በጣም አመሰግናለሁ» አሉ። «ምንም አይደለም» አለች ባልደረባዬ። ሰው በደግነት ሊገደል እንደሚችል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከመንደሩ ወደ ግንቡ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጎብኚ መኪና መንገድ የለውም። ያሠራው የላንካስተሩ ቶማስ ነው። ከንጉሡ ከዳግማዊ ኤድዋርድ ጋር የወንድማማች ልጆች ናቸው። ግን ሆድና ጀርባ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1312 ቶማስ የንጉሡን የልብ ወዳጅ ፒርስ ጋቨስተንን አስገደለ። በዓመቱ ይህን ግንብ ጀመረ። ዘመድን ለማብሸቅ ግንብ መገንባት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን አልበረከተለትም። በ1322 ቦሮብሪጅ ላይ ተሸንፎ ተማረከ፤ በገዛ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ ፖንቲፍራክት ላይ አንገቱን ተቀላ። የቀረውን ደግሞ የጽጌረዳዎቹ ጦርነት የተባለው የእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት ከበባና የባሕሩ ነፋስ ጨረሱት። ከገደሉ ላይ ኪቲዌክ የሚባሉት የባሕር ወፎች የገዛ ስማቸውን እየጠሩ ይጮሃሉ።

ንብረቱ የናሽናል ትረስት ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ነው። ሁለቱም ቅርስ ጠባቂ ድርጅቶች ናቸው። የአንዱ አባል ከሆንክ በነፃ ትገባለህ። ባልደረባዬ የአባልነት ካርዷን መዘዝ አደረገች። አባላቱ ዓመታዊ ክፍያ ከከፈሉ በኋላ ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲሉ ከፍርስራሽ ፍርስራሽ ሲዞሩ ይከርማሉ።

በሁለቱ ትልልቅ ማማዎች መካከል ገብተን ቀና ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጎረቤቴን! ሹራብ ኮፍያ ደፍቶ፣ ፔርሙዙን ከፍቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «አንተም እዚህ!» አለ። ብስኩት ሰጠኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ስለ ኤምብልተን የባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ፈታት ሚስቱ አጫወተኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ። 3 ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነው መሰለኝ።

መልሱን ብዙ አላስታውሰውም። አሸዋ ነበር፣ ጎልፍ ሜዳ ነበር፣ የእርሻ መንገድ ነበር፣ ዝናብ ነበር። ዝናቡም «ትንሽ እርጥበት» ነው የተባለው።

መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ሰላምታው ቀጥ አለ። ቅድም በሩን የያዝንላቸው ሽማግሌ ከጎናችን ጫማቸውን ሲያወልቁ ቀና ብለው እንኳን አላዩንም። ሬዲዮ እንደጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ጎረቤቴን አገኘሁት። ጥርሴን በሙሉ አሳይቼ «ሞርኒንግ!» አልኩት። ቁጥሩን አነበበ። ስድስት። አምስት። አራት። እኔም ቀጠልኩለት። ሦስት። ሁለት።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሐሙስ ያንኑ ቦት ጫማ ጭቃውን ሳላራግፍ አጠለቅሁና የዝናብ ጃኬቴን ደርቤ ለሥራ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሊፍቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ ገና ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ በሬን እየቆለፍኩ ነው። ቀና አለ። ጫማዬን አየ። ፊቱ በራ፣ የሊፍቱን በር በክርኑ ያዘልኝ።

ምን ላድርግ? ሮጥኩ።